ማይክሮሜትሩ «ክብ ነው» ያለውን ዘንግ በቪ ብሎክ የመፈተሽ ዝርዝር መመሪያ

ቶርኖ ቤት ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ ቅሬታ አለ። ዘንጉ ተቆርጧል፣ ተለክቷል፣ በአራት አቅጣጫ 40.00 ሚ.ሜ ነው። ኩሽኔታ ሲገባበት ግን አንዱ ጋ ይይዛል፣ ሌላው ጋ ይላላል። እንደገና ይለካል። ያው 40.00 ነው። ከዚያ ጥፋቱ ኩሽኔታው ላይ ይለጠፋል፤ አዲስ ይገዛል፤ እሱም እንደ ፊተኛው ይሆናል።

ኩሽኔታው ብዙ ጊዜ ጥፋት የለበትም። ማይክሮሜትርና ካሊፐር ሁለት ትይዩ ነጥቦችን ብቻ ነው የሚነኩት። በሁሉም አቅጣጫ እኩል ዲያሜትር ያለው ነገር ደግሞ የግድ ክብ አይደለም። እንግሊዝ አገር ያላችሁ ማስረጃው ኪሳችሁ ውስጥ አለ። የ50 ፔንስ ሳንቲም ሰባት ጎን አለው፤ በካሊፐር ሲለካ ግን በየትኛውም አቅጣጫ 27.3 ሚ.ሜ ነው። በ1986 የፈነዳችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር የቻሌንጀር አደጋ ሲመረመር የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፌይንማን ካነሷቸው ነጥቦች አንዱ ይኸው ነበር። የሮኬቱን ክፍል ሦስት ዲያሜትር ለክቶ እኩል ማግኘት ክፍሉ ክብ መሆኑን አያረጋግጥም።

ከዚህ በታች ያለው በማንኛውም መካከለኛ ወርክሾፕ ሊሠራ የሚችል ነው። ውድ ማሽን አይፈልግም። ቅደም ተከተሉን ግን አትዝለሉ።

መጀመሪያ፦ የምትፈልጉትን እወቁ

ከክብነት የወጣ ዘንግ ዙሪያውን ጉብታዎች አሉት። በዓይን አይታዩም፤ ግን ይቆጠራሉ። ሁለት ጉብታ ያለው ሞላላ ነው። ሦስት ጉብታ ያለው ጥጎቹ የተለዘቡ ሦስት ማዕዘን ነው። አምስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝም ይኖራል።

የጉብታው ቁጥር ተጋማሽ ከሆነ (2፣ 4፣ 6፣ 8) ማይክሮሜትር ያየዋል። ጎዶሎ ከሆነ (3፣ 5፣ 7፣ 9) አያየውም። በአንድ በኩል ጉብታ ባለበት በትይዩው ስርጉድ አለ፤ ሁለቱ ይጣፋሉ፤ ድምሩ አይለወጥም።

ክፋቱ ደግሞ ወርክሾፕ ውስጥ የሚፈጠሩት ብዙዎቹ ጎዶሎ መሆናቸው ነው። ባለ ሦስት መንጋጋ ቸክ (ቶርኖ ላይ ዕቃውን ጨብጦ የሚያዞረው) ሦስት ጉብታ ይሠራል። ያለ ሴንተር የሚሞርድ ግራይንደር (ዕቃውን ከጫፎቹ ሳይዝ በሁለት ድንጋዮች መሃል የሚሞርድ) ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት ይሠራል። ስለዚህ በማይክሮሜትር ብቻ የሚለካ ሰው በብዛት የሚገጥመውን ጥፋት ጨርሶ የማያይ መሣሪያ ይዟል ማለት ነው።

ደረጃ 1፦ ዝግጅት

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፦

- 0.01 ሚ.ሜ የሚያነብ ማይክሮሜትር
- ዳያል ጌጅ (ትንሽ ከፍታና ዝቅታን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ)፤ ለተራ ሥራ 0.01 ይበቃል፣ ለኩሽኔታ መቀመጫ ግን 0.002 ወይም 0.001 የሚያነብ
- ጫፉ ክብ ኳስ የሆነ መንኪያ
- የዳያል ጌጁ መቆሚያ፣ የማይነቃነቅ
- 90 ዲግሪ ቪ ብሎክ እና 120 ዲግሪ ቪ ብሎክ (ዘንጉ የሚቀመጥበት፣ በV ቅርጽ የተቆረጠ የብረት መደገፊያ)
- ጠፍጣፋ የመለኪያ ጠረጴዛ፤ ከሌለ የፍሬዛ ማሽን ጠረጴዛ
- የወረቀት ጥብጣብ፣ ቀጭን ማርከር፣ ጥሩ የዘይት ድንጋይ፣ አልኮልና ንጹሕ ጨርቅ

90 ዲግሪው በየወርክሾፑ አለ። 120 ዲግሪው አይገኝም፤ ማሠራት ይኖርባችኋል። ከብረት በፍሬዛ አስወጡና ሁለቱን ፊቶች በግራይንደር አስጨርሱ። «አንዱ ይበቃኛል» ብላችሁ አትለፉት። ምክንያቱን ደረጃ 5 ላይ ታዩታላችሁ።

አሁን ዘንጉን አዘጋጁ።

1. የሚለካውን ቦታ በአልኮል ጥረጉ። ዘይት፣ አቧራና የብረት ብናኝ ሁሉም እንደ ጉብታ ይነበባሉ።
2. የዘይት ድንጋዩን ሳትጫኑ ዙሪያውን አንድ ጊዜ አሻሹ። የተነሣ ሹል ትራፊ ካለ ድንጋዩ ሲይዝ በእጃችሁ ይሰማችኋል። እሱን ብቻ አንሱ፤ ዘንጉን አትሞርዱ።
3. ዘንጉን፣ ቪ ብሎኩንና ዳያል ጌጁን አንድ ክፍል ውስጥ አብራችሁ አቆዩ። ከማሽን የወጣ ትኩስ ዘንግ ወዲያው አይለካም። የልኬት መነሻ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። 100 ሚ.ሜ ብረት 10 ዲግሪ ሲሞቅ ከ0.01 ሚ.ሜ ትንሽ በላይ ያድጋል።
4. በመስኮት በኩል ፀሐይ የሚያርፍበት ጠረጴዛ ላይ አትሥሩ። ዘንጉ እኩል ቢሞቅ ዲያሜትሩ ብቻ ነው የሚያድገው። አንድ ጎኑ ብቻ ሲሞቅ ግን ቅርጹ ራሱ ይዛባል።
5. የወረቀት ጥብጣቡን ዘንጉ ላይ አንድ ዙር ጠቅልሉና ልክ ሲገጥም ቁረጡት። ሦስት ቦታ እኩል እጠፉት፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ በግማሽ በግማሽ እጠፉት። ሲዘረጋ 24 ክፍል ይሆናል። ከ1 እስከ 24 ቁጥር ጻፉበትና ከዘንጉ ጫፍ ላይ ለጥፉት። የሚለካውም ሆነ ቪ ብሎኩ ላይ የሚያርፈው ቦታ ላይ ግን እንዳይደርስ።

ማስጠንቀቂያ፦ ልኬቱ ማሽን ላይ የሚሠራ ከሆነ ማብሪያውን አጥፉ፤ ከተቻለ ከኤሌክትሪክ ነቅሉት። ዘንጉ የሚዞረው በእጅ ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ በማይክሮሜትር መጀመር

ማይክሮሜትር አይጣልም። ሞላላውን የሚይዘው እሱ ነው።

1. ዜሮውን አረጋግጡ።
2. በጥብጣቡ ላይ ከ1 እስከ 12 ባሉት ምልክቶች አቅጣጫ ለኩ። ግማሽ ዙር ይበቃል፤ ሌላው ግማሽ ያው ዲያሜትር ነው።
3. ሁልጊዜ በማጥበቂያው ራቼት ብቻ አጥብቁ። በእጅ ስሜት የሚጠበቅ ማይክሮሜትር በየልኬቱ የተለያየ ይናገራል።
4. ትልቁንና ትንሹን ጻፉ። ልዩነታቸውን ለ2 አካፍሉ።

ይህ ውጤት የተጋማሽ ጉብታዎች መጠን ነው። ዜሮ ቢሆን «ሞላላ አይደለም» ማለት ነው እንጂ «ክብ ነው» ማለት አይደለም። ወደ ደረጃ 3 እለፉ።

ደረጃ 3፦ ቪ ብሎኩንና ዳያል ጌጁን ማቆም

አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ስለሆነ ጊዜ ስጡት።

1. 90 ዲግሪውን ቪ ብሎክ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ። በጣት ጥጉን ጫን ጫን አድርጉት። ከተወዛወዘ ሥሩ ቆሻሻ አለ።
2. ዘንጉን ስታስቀምጡ ዳያል ጌጁ የሚነካው ቦታ ከቪ ብሎኩ በላይ በቀጥታ ይሁን። ዘንጉን በሁለት ብሎክ ተሸክማችሁ መሃሉን ብትለኩ የምታነቡት ክብነት ሳይሆን ጉብጠት ነው።
3. ረጅም ቪ ብሎክ ካላችሁ ጠበብ ያለ ፈልጉ። ረጅሙ ዘንጉን በብዙ ቦታ ስለሚደግፍ ቅርጹን ያደባልቀዋል።
4. ረጅም ዘንግ ከሆነ ሌላውን ጫፍ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ብቻ በሌላ ነገር ደግፉ። ዘንጉ ብሎኩ ላይ በራሱ ክብደት መቀመጥ አለበት።
5. በአንዱ ጫፍ ማገጃ አቁሙ። ዘንጉ ሲዞር ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሄድ የለበትም። በማገጃውና በዘንጉ መሃል ትንሽ የብረት ኳስ ብታደርጉ ይሻላል።
6. ዳያል ጌጁን በቀጥታ ከላይ አውርዱት። መንኪያው በቪው መሃል መስመር ላይ መሆን አለበት። ይህን ለማግኘት መቆሚያውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በቀስታ አንቀሳቅሱት። መርፌው ከፍተኛውን ቁጥር ያነበበበት ቦታ ጫፉ ነው። እዚያ እሰሩት።
7. መርፌው ከ0.3 እስከ 0.5 ሚ.ሜ ተጭኖ ይጀምር። ያለ ጭነት ከጀመረ ስርጉድ ላይ ሲደርስ መንኪያው ይለቃል፤ እናንተም አታውቁም።
8. መቆሚያውን በጣት ነካ አድርጉና መርፌውን እዩ። ካልተመለሰ አንድ ቦታ ላልቷል።

ደረጃ 4፦ ማዞርና መመዝገብ

1. ምልክት 1ን ወደ ላይ አድርጉና ዳያሉን ዜሮ ላይ አምጡ።
2. ዘንጉን በሁለት ጣት ከጎኑ ይዛችሁ አዙሩት። ከላይ አትጫኑት፣ አታንሱት። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አዙሩ።
3. በየምልክቱ ቆማችሁ፣ ጣታችሁን አንሡና ቁጥሩን ጻፉ። በምልክቶቹ መሃልም መርፌው ወደየት እንደሚሄድ ተከታተሉ።
4. አንድ ሙሉ ዙር ጨርሳችሁ ምልክት 1 ላይ ስትመለሱ መርፌው ዜሮ ላይ መሆን አለበት። ከዳያሉ አንድ መስመር በላይ ከራቀ የመዘገባችሁትን ሰርዙና ከደረጃ 3 ጀምሩ። አማካይ አትውሰዱ።
5. ሁለት ነገር ጻፉ፦ ትልቁ ንባብ ከትንሹ ጋር ያለውን ልዩነት፣ እና መርፌው በአንድ ዙር ስንት ጊዜ እንደወጣና እንደወረደ።
6. ብሎኩን በ120 ዲግሪው ቀይሩና ሁሉንም ድገሙት።

የወጣበት ብዛት የጉብታው ቁጥር ነው። ሦስት ጊዜ እኩል ከወጣ ባለ ሦስት ጉብታ ይዛችኋል። ቆጠራውን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ያለ እሱ ግን ቀጣዩ ደረጃ አይሠራም።

ደረጃ 5፦ ንባቡን ወደ እውነተኛው መዛነፍ መለወጥ

ቪ ብሎክ ላይ ያለ ዘንግ የሚንቀሳቀሰው ከላይ ባለው ጉብታ ብቻ አይደለም። ከታች ፊቶቹን የሚነኩት ሁለት ቦታዎችም ዘንጉን ያነሡታል፣ ያወርዱታል። አንዳንዴ ይህ ንባቡን ያጎላል፤ አንዳንዴ ያጠፋዋል። ስለዚህ ያገኛችሁትን ልዩነት ለሚከተለው ቁጥር አካፍሉ።

- 2 ጉብታ፦ በ90 ዲግሪ ለ1፤ በ120 ዲግሪ ለ1.58
- 3 ጉብታ፦ በ90 ለ2፤ በ120 ለ1
- 4 ጉብታ፦ በ90 ለ0.41፤ በ120 ለ0.42
- 5 ጉብታ፦ በሁለቱም ለ2
- 6 ጉብታ፦ በ90 ለ1፤ በ120 ለ0.16
- 7 ጉብታ፦ በ90 ጨርሶ አይታይም፤ በ120 ለ2
- 8 ጉብታ፦ በ90 ለ2.41፤ በ120 ለ0.42
- 9 ጉብታ፦ በ90 ጨርሶ አይታይም፤ በ120 ለ1

4፣ 6 እና 8 ጉብታ ላይ በቪ ብሎክ አትድከሙ፤ የማይክሮሜትሩ ውጤት ይበቃል።

90 ዲግሪው ለ7 እና ለ9 ዕውር እንደሆነ ልብ በሉ። ያንን የ50 ፔንስ ሳንቲም 90 ዲግሪ ቪ ውስጥ ብታዞሩት መርፌው ከቦታው እምብዛም አይነቃነቅም። ሰባት ጎን ያለው ነገር በማይክሮሜትርም በ90 ዲግሪ ቪ ብሎክም ክብ መስሎ ያልፋል ማለት ነው። 120 ዲግሪውን አሠሩ ያልኩት ለዚህ ነው።

60 ዲግሪ ቪ ብሎክ ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። በዚህ አቀማመጥ የሚያየው 3፣ 6፣ 9 ብቻ ነው፤ ሦስት እጥፍ አድርጎ ያሳያል። ሞላላንና ባለ አምስትን ፈጽሞ አያይም። ባለ ሦስት ጉብታ መሆኑን ለማረጋገጥ ግን ከሁሉም የተሻለ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ማይክሮሜትሩ በሁሉም አቅጣጫ 40.00 አለ። 90 ዲግሪው ላይ መርፌው ሦስት ጊዜ ወጣ፤ ልዩነቱ 0.06 ነው። ለ2 ሲካፈል 0.03 ሚ.ሜ። 120 ዲግሪው ላይ ሦስት ጊዜ ወጣ፤ ልዩነቱ 0.03። ለ1 ሲካፈል ያው 0.03። ሁለቱ ብሎኮች ተስማምተዋል፤ ንባቡ ይታመናል። ሥዕሉ ላይ የተፈቀደው 0.01 ከሆነ ዘንጉ ወድቋል።

ሁለቱ ብሎኮች ካካፈላችሁ በኋላም ካልተስማሙ ዘንጉ ላይ የተለያየ ቁጥር ያላቸው ጉብታዎች ተደራርበዋል። ትልቁን ውጤት ውሰዱ። ውጤቱ ከተፈቀደው ጋር በጣም ከተቀራረበና ሥራው አደራ ያለበት ከሆነ፣ የሚሽከረከር ስፒንድል ባለው የክብነት መለኪያ ማሽን አስለኩ። ቪ ብሎክ ግምት ነው፤ ጥሩ ግምት ነው፤ ግን የመጨረሻ ዳኛ አይደለም።

ስለ ቁጥሩ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ። በሥዕል ላይ በትንሽ ክብ ምልክት የሚሰጠው የክብነት ቶለራንስ (የተፈቀደው መዛነፍ)፣ በዓለም አቀፉ የአይሶ 1101 ደረጃ መሠረት፣ የራዲየስ ልዩነት ነው። ዘንጉን ከውስጥና ከውጭ የሚያቅፉ፣ መሃላቸው አንድ የሆነ ሁለት ክቦች ያላቸው ርቀት ማለት ነው። የሞተር ጥገና መጽሐፎች ላይ «ሞላላነት» ተብሎ የሚሰጠው ገደብ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሁለት ዲያሜትሮች ልዩነት ነው፤ ለ2 አይካፈልም። ሁለቱን ያምታታ ሰው ወይ ጤነኛ ዕቃ ይጥላል፣ ወይ የተበላሸ ያሳልፋል። ከማነፃፀራችሁ በፊት ገደቡ የየትኛው እንደሆነ አንብቡ።

ደረጃ 6፦ ንባቡ እንግዳ ሲሆን

በዙር ሦስት ጊዜ ወጣ፣ ግን እኩል አይደለም። ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። አንድ ነጠላ ሹል ትራፊ በዙር ሦስት ጊዜ መርፌውን ያነሣል፦ አንዴ መንኪያው ሥር ሲያልፍ፣ ሁለቴ ደግሞ በቪው ሁለት ፊቶች ላይ ሲያልፍ። ከእውነተኛ ሦስት ጉብታ የሚለየው በርቀቱና በቁመቱ ነው። እውነተኛው በየ120 ዲግሪው፣ እኩል ከፍታ፣ በቀስታ ይወጣል። 90 ዲግሪ ብሎክ ላይ የትራፊው መውጫዎች 135፣ 90፣ 135 ዲግሪ ይራራቃሉ። አንዱ ትልቅ ነው፤ ሁለቱ የእሱ ሰባ በመቶ ያህል ናቸው። ድንገት ዘለው ይመለሳሉ። በጥብጣባችሁ ላይ አንድ ክፍል 15 ዲግሪ ስለሆነ መውጫዎቹ ዘጠኝ፣ ስድስት፣ ዘጠኝ ክፍል ተራርቀው ታገኟቸዋላችሁ። ድንጋዩን አንሡና አጽዱ፤ ድገሙት።

በዙር ሦስት ጊዜ ድንገት ወረደ። ዘንጉ ላይ የቁልፍ ጉድጓድ ወይም የተቦረቦረ መስመር አለ። ጉድጓዱ መንኪያውንም ሆነ የቪውን ፊቶች የሚነካባቸውን ምልክቶች ከመዝገቡ አውጡ። ከተቻለ ጉድጓዱ የማይደርስበት ቦታ ለኩ።

በዙር አንድ ጊዜ ብቻ ወጣና ወረደ። ከመሃል የመውጣት ስህተት ቪ ብሎክ ላይ አይታይም። ስለዚህ ይህ ከታየ ዘንጉ ወደ ጎን እየሄደ ነው፣ ወይም ጎብጧል፣ ወይም መንኪያው ከብሎኩ ርቋል። ማገጃውንና የዘንጉን ጫፍ እዩ። በሁለት ሴንተር መሃል ታስሮ የሚለካ ዘንግ ላይ ከሆነ ግን አንድ መውጣት የተለመደ ነው፤ ከመሃል መውጣት እንጂ የክብነት ጉድለት አይደለም።

መርፌው ይርገበገባል። መንኪያው ሹል ስለሆነ የቶርኖውን መስመሮች እያነበበ ነው። 3 ሚ.ሜ ገደማ ኳስ ያለውን ግጠሙ።

በየዙሩ የተለየ ቁጥር ይሰጣል። ወይ ዘንጉ እየቀዘቀዘ ነው፣ ወይ እጃችሁ እየተጫነ ነው። አስቀምጡት፤ ቆይታችሁ ተመለሱ።

ደረጃ 7፦ ለቀዳዳና ለሲሊንደር

ቀዳዳ ውስጥ ቪ ብሎክ አይገባም። እዚህ ደግሞ ሁለት ዓይነት መለኪያ አለ፤ እያንዳንዱ የሌላውን ጥፋት ነው የማያየው።

ባለ ሁለት ነጥብ የቦር ጌጅ ሞላላን ያያል፣ ሦስት ጉብታን አያይም። ባለ ሦስት እግር የውስጥ ማይክሮሜትር ደግሞ ሦስት ጉብታን ያያል፣ ሞላላን አያይም። ሦስቱ እግሮች ሞላላ ውስጥ ሲዞሩ የሚያነቡት ድምር አይለወጥም። «ሦስት እግር ስላለው የበለጠ ትክክል ነው» የሚለው አባባል ስንት ሲሊንደር አሳልፏል። ስለዚህ፦

1. በቦር ጌጅ በአንድ ቁመት ላይ ዙሪያውን ለኩ፤ ትልቁን ከትንሹ ቀንሱ።
2. በባለ ሦስት እግሩ በዚያው ቁመት ለኩ። 60 ዲግሪ አዙሩና ድገሙ። በመሃሉም በትንሽ በትንሹ እያዞራችሁ ትልቁንና ትንሹን ፈልጉ።
3. የሁለተኛውን ልዩነት ለ2 አካፍሉ፤ የሦስት ጉብታው መጠን ነው።

ባለ ሦስት እግር ከሌላችሁ ዕቃውን ቶርኖው ላይ ፌስ ፕሌት ላይ (በቸክ ፈንታ የሚገጠም ጠፍጣፋ ሳህን) ከፊት ብቻ አስራችሁ በዳያል ጌጅ መሃል አስገቡት፤ ከዚያ በእጅ እያዞራችሁ የቀዳዳውን ግድግዳ አንብቡ። ሦስት ጊዜ ከወጣ ታውቃላችሁ።

የሞተር ሲሊንደር ላይ ዋናው ጥፋት ሞላላነት ነው። ፒስተኑ ግድግዳውን የሚገፋው ከክራንክሻፍቱ ጋር በሚሻገር አቅጣጫ ስለሆነ በዚያ በኩል የበለጠ ይበላል። በሁለት አቅጣጫ፣ በሦስት ቁመት ለኩ፦ የላይኛው የፒስተን ሪንግ የሚደርስበት፣ መሃል፣ ታች። ፒስተኑ ራሱ ግን ሞላላ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ በፒኑ አቅጣጫ ሆን ተብሎ ጠበብ ይላል። ፒስተን ለክቶ «ተበላሽቷል» ብሎ መጣል አያስፈልግም።

ደረጃ 8፦ ከቁጥሩ ወደ ምክንያቱ

የጉብታው ቁጥር መነሻውን ይጠቁማል።

ሁለት ከሆነ ቀለበቱን በሞርሳ የጨመቀው አለ፣ ወይም በአንድ አቅጣጫ ተበልቷል።

ሦስት ከሆነ መጀመሪያ ቸኩን ጠርጥሩ። በስስ ላሜራ ላይ በተራ ፑንታ የተበሳ ቀዳዳም ሦስት ማዕዘን ይሆናል። የፑንታው ጫፍ ወደ ታች ሲያልፍ የሚይዘው ነገር ስለሚያጣ ይዋልላል። ላሜራውን ከእንጨት ጋር አጥብቃችሁ ብሱት፣ ወይም ደረጃ ያለው ፑንታ ተጠቀሙ።

አምስት ወይም ሰባት ከሆነና ዕቃው ያለ ሴንተር ከሚሞርድ ግራይንደር የመጣ ከሆነ ምክንያቱ ዕቃው የተቀመጠበት ከፍታ ነው። ዕቃው በሁለቱ ድንጋዮች መሃል መስመር ላይ ልክ ከተቀመጠ ጉብታው ራሱን ያባዛል። ከመስመሩ ከፍ መደረግ አለበት፤ የሚሸከመው ምላጭም ዘቅዘቅ ያለ መሆን አለበት።

በሪመር (የተበሳ ቀዳዳን ወደ ልኩ የሚያደርስ ባለ ጥርስ መሣሪያ) በተጨረሰ ቀዳዳ ላይ ቁጥሩ ከሪመሩ ጥርስ በአንድ የሚበልጥ ወይም የሚያንስ ከሆነ ሪመሩ እየተንቀጠቀጠ ነው። ፍጥነቱን ቀንሱ፤ ጥርሶቹ እኩል ያልተራራቁ ሪመር ፈልጉ።

ደረጃ 9፦ ስስ ቀለበት በሦስት መንጋጋ ሳይበላሽ መቁረጥ

ይህን ለብቻው ያስቀመጥኩት ቁጥር አንድ ጥፋት ስለሆነ ነው። ቀለበቱ ቸክ ውስጥ ሲጠብቅ በሦስት ቦታ ወደ ውስጥ ይገባል። ቀዳዳው በዚያ ሁኔታ ክብ ሆኖ ይቦረቦራል። ሲፈታ ሦስቱ ቦታዎች ወደ ውጭ ይመለሳሉ፤ ክቡ ቀዳዳ ሦስት ጉብታ ያወጣል። ቸኩ ላይ ሆኖ ዳያል ጌጅ ዜሮ ያሳያል። ቦር ጌጅ ከተፈታ በኋላም ዜሮ ያሳያል። ለዚህ ነው የማይያዘው።

1. ከማጥበቃችሁ በፊት በመንጋጋዎቹ ትይዩ ቀለበቱ ላይ ሦስት ምልክት አድርጉ።
2. አጥብቃችሁ ሻካራውን ቁረጡ። ከ0.3 እስከ 0.5 ሚ.ሜ ለመጨረሻው ቆረጣ ተዉ።
3. ሙሉ በሙሉ ፍቱት። እስኪቀዘቅዝ አቆዩት።
4. ለስላሳ መንጋጋዎችን ግጠሙ፤ ከቀለበቱ የውጭ ዲያሜትር ጋር እኩል አድርጋችሁ ቦርቡሯቸው። ስትቦረቡሯቸው መንጋጋዎቹ የሆነ ነገር ጨብጠው መጥበቅ አለባቸው፤ ባዶ ቸክ ላይ የተቦረቦረ መንጋጋ ሲጠብቅ ሌላ ቅርጽ ይይዛል።
5. ቀለበቱን እንዳይንሸራተት ያህል ብቻ አጥብቁ። ቁልፉ ላይ ቧንቧ አትጨምሩ።
6. በስስ ቅርፍ፣ ሹል በሆነ መሣሪያ ጨርሱ። የደነዘዘ መሣሪያ ስለሚገፋ ደግማችሁ እንድታጠብቁ ያስገድዳችኋል።
7. ፍቱት። በባለ ሦስት እግር ማይክሮሜትር አንዴ በሦስቱ ምልክቶች ላይ፣ አንዴ በምልክቶቹ መሃል ለኩ።

በምልክቶቹ ላይ የሚበልጥ ከሆነ ቀለበቱ አሁንም ተጨምቆ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱን ለ2 አካፍላችሁ ከቶለራንሱ በላይ ከሆነና ገና ሥጋ (የሚቆረጥ ብረት) ከተረፈው፣ በመንጋጋ መጨበጡን ተዉት። ፌስ ፕሌት ላይ አስተኙት፤ ከፊት በኩል በመያዣ ወደ ፕሌቱ ተጭኖ ይታሰር፤ ከጎን ምንም አይንካው። መሃል አስገቡትና ቀሪውን በዚያ አስጨርሱ። ሥጋ ካልተረፈው አዲስ ቀለበት ቁረጡ። የኩሽኔታ ውጭ ቀለበት የገባበትን ቤት ቅርጽ ይይዛልና፣ ባለ ሦስት ጉብታ ቤት ውስጥ በፕሬስ የተገፋ አዲስ ኩሽኔታም ሦስት ጉብታ ይዞ ነው የሚዞረው።